የጃፓን ቀን ቆጣሪዎች

እ.ኤ.አ. በ553 የያኔዋ ጃፓን የያማቶ ንጉሥ ኪንሜይ በኮሪያ ልሳነ ምድር ወደነበረው የቤክጄ መንግሥት መልእክተኛ ላከ። የለመነው ሦስት ዓይነት ሊቃውንትን ነበር፤ ሐኪም፣ መጻኢውን የሚያነብ ጠቢብና ዘመን የሚቆጥር ዐዋቂ። ቤክጄ ከቻይና የቀሰመችውን ዕውቀት ለጃፓን ታካፍል የነበረች ወዳጅ መንግሥት ስለነበረች፣ በዓመቱ ሊቃውንቱን ላከች። ከነርሱ መካከል ቀን ቆጣሪው ዋንግ ቦሰን ይባል ነበር። ይህን የሚነግረን በ720 የተጠናቀቀው ኒሆን ሾኪ የተባለው ዜና መዋዕል ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትና የወር ስሞች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊቃውንቱ ግን እንግዶች ነበሩ፤ የተመደበላቸውን ጊዜ ጨርሰው ይመለሳሉ። ዕውቀቱ በአገሩ ልጅ እጅ የገባው በ602 ግዋልሉክ የሚባል የቡድሃ መነኩሴ ከዚያው ከቤክጄ መጻሕፍት ይዞ ሲመጣ ነው። ጃፓኖች ካንሮኩ ይሉታል። ንግሥት ሱይኮ ወጣቶችን መርጣ በእግሩ ሥር አስቀመጠች፤ ታማፉሩ የተባለው ዘመን መቁጠርን ተማረ። በኋላ የተጻፈ አንድ መዝገብ እንደሚለው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ604፣ አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተጻፈ የዘመን አቆጣጠር መጠቀም ጀመረች።

የተማሩት ነገር ቀላል አልነበረም። ወሩ የሚጀምረው ጨረቃ ስትሠርቅ ነው፤ አንዱ ወር 29 ቀን፣ ሌላው 30 ቀን ይሆናል። አሥራ ሁለቱ ወራት ሲደመሩ 354 ቀን ገደማ እንጂ 365 አይሞሉም። ይህን የ11 ቀን ጉድለት የእኛ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አበቅቴ ብለው ያውቁታል። ጃፓኖች ከቻይና በወረሱት ስሌት ጉድለቱ ሲጠራቀም አንድ ሙሉ ወር ይጨምራሉ፤ እኛ ንኡስ ቀመር በምንለው በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ያህል። ገበሬው ግን የሚዘራው በፀሐይ እንጂ በጨረቃ አይደለም። ስለዚህ የፀሐይን ዓመት ለብቻው በ24 የወቅት ምልክቶች ከፈሉት። በዚህ ላይ ዓመታቱም ቀናቱም በአሥራ ሁለት እንስሳትና በአምስት ባሕርያት ተጣምረው በየ60ው እየዞሩ ይጠሩ ነበር። ይህን ሁሉ አስማምቶ የመጪውን ዓመት ቀን በቀን መጻፍ የሰለጠነ ሰው ይፈልግ ነበር።

ሥልጣንም ይፈልግ ነበር። በቻይና ሥርዓት ሰማይን አንብቦ ቀኑን የሚያውጀው ንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ የእርሱን አቆጣጠር የተቀበለ አገር ለእርሱ እንደገበረ ይቆጠራል። ጃፓን ስሌቱን ተቀበለች፤ አዋጁን ግን ለራሷ አደረገች። ከ645 ጀምሮ ለዘመናቱ የራሷን ስም መስጠት ጀመረች፤ ከ701 ወዲህ ደግሞ የዘመን ስሙ ሳይቋረጥ ዛሬ ካለው ሬይዋ ደርሷል። ኋላ ንጉሠ ነገሥት ቴንጂ ተብሎ የነገሠው ልዑል በ660 በውሃ የሚሠራ ሰዓት አሠርቶ ለሕዝቡ ሰዓት እንዲነገር አደረገ። ኦንሚዮርዮ የሚባል የቤተ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ሰማይን መመልከት፣ ገድን ማንበብና ዘመን መቁጠር ሥራው ሆነ። በየዓመቱ በ11ኛው ወር የመጀመሪያ ቀን የመጪው ዓመት ቀን መቁጠሪያ በሥነ ሥርዓት ለንጉሠ ነገሥቱ ይቀርብ ነበር።

ሄያን በሚባለው ዘመን ለነበሩ መኳንንት ይህ ጽሑፍ ቀን የሚታይበት ብቻ አልነበረም። በእያንዳንዱ ቀን ሥር ለጉዞ፣ ለጥፍር መቁረጥ፣ ለጸጉር መታጠብና ለጋብቻ የቀናው ወይም የከፋው ይጻፍ ነበር። በከፋ አቅጣጫ መሄድ ያለበት ሰው ማታውኑ ወደ ሌላ ቤት ሄዶ ያድራል፤ በማግስቱ ከዚያ ሲነሣ አቅጣጫው ተለውጧል። የዘመኑ ኃያል ሰው ፉጂዋራ ኖ ሚቺናጋ የዕለት ውሎውን የሚጽፈው በዚሁ ቀን መቁጠሪያ ላይ፣ በቀናቱ መካከል በተተወው ባዶ መስመር ነበር። ከ998 እስከ 1021 የጻፈው ማስታወሻ ከፊሉ በገዛ እጅ ጽሑፉ ተርፎ በ2013 በዩኔስኮ የዓለም ማኅደረ ትውስታ ተመዝግቧል። ዛሬ ስናነበው የሰውዬው ሕይወትና ቀኑ ላይ የተጻፈው ገድ ጎን ለጎን ይታዩናል፤ ለእኔ ከዚያ ዘመን ከተረፉት ሰነዶች ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

ኡጂ ሹይ በተባለው የወግ መድበል ውስጥ ያለ አንድ ታሪክም ቀን መቁጠሪያው ምን ያህል እንደሚታመን ያሳያል። አንዲት ወጣት የቤት ደንገጡር አንድን መነኩሴ በቀላሉ ፊደል ቀን መቁጠሪያ እንዲጽፍላት ትለምነዋለች። መነኩሴው መጀመሪያ በሥርዓቱ ይጽፋል፤ እየሰለቸው ሲሄድ ግን ከራሱ እያመነጨ ይህ ቀን ምግብ የማይበላበት ነው፣ ይህ ደግሞ በደንብ የሚበላበት ነው እያለ ይሞላል። በመጨረሻም መጸዳጃ የማይኬድባቸውን ቀናት አከታትሎ ይጽፍላታል። እርሷም ትእዛዙን አክብራ እስከምትችለው ድረስ ታገሠች። ወጉ የሚያስቅ ይሁን እንጂ፣ የሳቁ ምንጭ አንባቢው ሁሉ ራሱ በዚያው ወረቀት የሚመራ መሆኑ ነው።

ስሌቱ ራሱ ግን ቆሞ ቀርቶ ነበር። በ862 ሥራ ላይ የዋለው ሴንሚዮ የተባለው የቻይና አቆጣጠር በቦሃይ መንግሥት መልእክተኛ በኩል የደረሰ ነበር። ቻይና ራሷ ስሌቷን ደጋግማ ስትለውጥ ጃፓን አልተከተለቻትም፤ ምክንያቱም ከ894 በኋላ ወደ ቻይና ይሄድ የነበረው የመንግሥት ልዑክ ተቋርጧል። ዕውቀቱም የጥቂት ቤተሰቦች ርስት ሆነ፤ ዘመን መቁጠር ለካሞ ቤት፣ ሰማይ መመልከት ለአቤ ቤት። ሴንሚዮ ዓመቱን 365.2446 ቀን አድርጎ ይቆጥራል፤ ትክክለኛው 365.2422 ነው። ልዩነቱ በአንድ ሰው ዕድሜ አይታወቅም። ሴንሚዮ ግን 823 ዓመት አገለገለ፤ በመጨረሻም ከሰማዩ ሁለት ቀን ርቆ ነበር።

ስሕተቱን የሚያጋልጠው የፀሐይ ግርዶሽ ነው። ፀሐይ ስትጨልም ክፉው ጥላ ንጉሠ ነገሥቱን እንዳይነካው ቤተ መንግሥቱ በሰሌን ይሸፈን ነበር፤ ስለዚህ ግርዶሹ የሚመጣበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ግዴታ ነው። ቀን ቆጣሪዎቹ ይመጣል ያሉት ሲቀር፣ አይመጣም ያሉት ሲመጣ፣ ስማቸው ይጠፋል። ባላባቶቹ እርስ በርስ ሲዋጉ የንጉሠ ነገሥቱ ከተማ ኪዮቶ የምታውጀው ቀን ወደ ሩቁ አገር አልደርስ አለ። በምሥራቅ፣ በኢዙ ምድር፣ ሚሺማ ላይ ያለው ካዋይ የተባለ ቤተሰብ የራሱን ቀን መቁጠሪያ እያሳተመ ያከፋፍል ጀመር። በአንድ አገር ውስጥ ሁለት የተለያየ ወር መጣ።

ይህ ነገር በ1582 ፈነዳ። ኦዳ ኖቡናጋ ጃፓንን አንድ ለማድረግ የተቃረበ የጦር አበጋዝ ነው፤ ያደገው ደግሞ የምሥራቁ ቀን መቁጠሪያ በሚሠራበት አገር ነው። የምሥራቁ ስሌት በዚያ ዓመት ከ12ኛው ወር ቀጥሎ ጭማሪ ወር አለ ይላል። የኪዮቶው ደግሞ ጭማሪው በሚቀጥለው ዓመት ከመጀመሪያው ወር በኋላ ነው ይላል። ኖቡናጋ ቤተ መንግሥቱ የምሥራቁን እንዲቀበል ጠየቀ፤ ሊቃውንቱ እምቢ አሉ። በ6ኛው ወር የመጀመሪያ ቀን መኳንንቱ ኪዮቶ ወደሚገኘው ሆኖጂ ቤተ መቅደስ መጥተው እጅ ሲነሡት ጥያቄውን እንደገና አነሣባቸው። በዚያው ቀን ፀሐይ በከፊል ተጋርዳ ነበር። በማግስቱ ንጋት ላይ የራሱ አዛዥ አኬቺ ሚትሱሂዴ በጦር ከበበውና ኖቡናጋ እዚያው ሞተ። ጭማሪው ወር በኪዮቶ ስሌት ጸና። በዚያው ዓመት በሮም ጳጳስ ጎርጎርዮስ ከጥቅምት ወር አሥር ቀን ቆርጠው ጣሉ። የቀን ሥልጣን የማን ነው የሚለው ጥያቄ በሁለቱም የዓለም ዳርቻ በአንድ ዓመት መነሣቱ ግጥምጥሞሽ ቢሆንም ያስደንቀኛል።

ጥያቄውን የመለሰው ጦረኛ ሳይሆን ጎ የሚባለውን የጠጠር ጨዋታ የሚጫወት ሰው ነው። ሺቡካዋ ሃሩሚ በ1639 በኪዮቶ ተወለደ። ቤተሰቡ አገሩን በሚገዛው የጦር አለቃ በሾጉኑ ፊት ጎ እየተጫወተ ደመወዝ የሚበላ ቤተሰብ ነው፤ እርሱም የአባቱን ሥራ ወረሰ። ልቡ ግን ሰማይ ላይ ነበር። በ1670 በሾጉኑ ቤተ መንግሥት ከዘመኑ ታላቅ ተጫዋች ከሆኒንቦ ዶሳኩ ጋር ሲጋጠም የመጀመሪያውን ጠጠር በሰሌዳው እምብርት ላይ አስቀመጠ። የሰማይ ከዋክብት ሁሉ በዋልታዋ ኮከብ ዙሪያ ይዞራሉና የሰሌዳውም ጌታ መካከሉ መሆን አለበት የሚል እምነት ነበረው። በ9 ነጥብ ተሸነፈ።

ሃሩሚ ለዘመን አቆጣጠሩ ያዘጋጀው መልስ ሞንጎሎች ቻይናን ሲገዙ በ1281 የወጣው ሾውሺ የተባለው ስሌት ነበር። በ1673 መንግሥት ሴንሚዮን ትቶ ይህን እንዲቀበል አመለከተ፤ ለማስረጃም የሚመጡትን ግርዶሾች ዘርዝሮ አቀረበ። ዘዴው ግልጽ ነው፦ ሰማዩ ይፍረድ። ግርዶሾቹ እንዳለው እየመጡ ተራው የመጨረሻው ላይ ደረሰ። በ1675 የእርሱ ስሌት ግርዶሽ የለም ባለበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች፤ አሮጌው ሴንሚዮ ግን ተናግሮት ነበር። ማመልከቻው ወደቀ።

ሌላው ሰው እዚህ ላይ ይተወው ነበር። ሃሩሚ ግን ለምን እንደተሳሳተ መፈለግ ጀመረ፤ በበትር ጥላ ፀሐይን፣ በመሣሪያ ከዋክብትን እየለካ ዓመታት አሳለፈ። ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ ስሌቱ የተሠራው ለቻይና ሰማይ ነው፤ ጃፓን ወደ ምሥራቅ ስለምትርቅ ሰዓቱ ይለያል። ሁለተኛ፣ ምድርና ፀሐይ እጅግ የሚቀራረቡበት ነጥብ በ400 ዓመት ውስጥ ቦታውን ቀይሯል። ሁለቱን አርሞ ለጃፓን ምድር የሚሆን አዲስ ስሌት ሠራ። በ1684 የጸደይ ወራት ቤተ መንግሥቱ የእርሱን ስሌት ትቶ የቻይናን የሚንግ ስሌት መረጠ። ሃሩሚ ተስፋ ሳይቆርጥ እንደገና አመለከተ፤ የገድ ሊቃውንት አለቃ የነበረው ጹቺሚካዶ ያሱቶሚም ደገፈው። በዚያው ዓመት በ10ኛው ወር ውሳኔው ተለወጠ፤ ስሌቱም ጆክዮ ተብሎ በ1685 ሥራ ላይ ዋለ። ጃፓን ከቻይና የተዋሰችውን ከ1,000 ዓመት በላይ ከተጠቀመች በኋላ የራሷን ሠራች። ሃሩሚ የሾጉኑ የመጀመሪያ የሥነ ፈለክ ሹም ሆኖ ጎ መጫወቱን ተወ።

ሃሩሚ የነካው ቁጥሩን ብቻ አይደለም። ከቻይና የመጣው አቆጣጠር ዓመቱን በ72 ጥቃቅን ወቅቶች ከፍሎ፣ በየአምስት ቀኑ በተፈጥሮ የሚታየውን ይጠራል። ብዙዎቹ ጃፓን ውስጥ ማንም ያላያቸው ነበሩ። ጭልፊት ርግብ የሚሆንበት ወቅት የሚለውን ትሎች ቢራቢሮ ወደሚሆኑበት ለወጠው፤ ኦተር የተባለው ዓሣ አዳኝ እንስሳ ዓሣ የሚሠዋበትን ዝናብ አፈሩን ወደሚያርስበት፤ የሳኩራ አበባ የሚፈነዳበትንም አስገባ። ገበሬዎችም የራሳቸው ምልክት ነበራቸው። የጨረቃው ቀን ከዓመት ዓመት ስለሚዋዥቅ ከጸደይ መግቢያ ጀምረው ይቆጥራሉ፤ 88ኛዋ ሌሊት ስታልፍ ውርጭ አይመለስምና ሻይ ይለቀማል፤ 210ኛው ቀን ሲደርስ ደግሞ ሩዙ አብቦ ሳለ አውሎ ነፋስ ይፈራል።

ከዚህ በኋላ ስሌቱ የሾጉኑ መቀመጫ በሆነችው ኢዶ ላይ ተሠርቶ፣ ገዱ ኪዮቶ ላይ ተጽፎበት፣ ፈቃድ ባላቸው ማተሚያዎች ይታተም ነበር። ከሁሉ የሚታወቀው የኢሴ ነው። የኢሴ ታላቅ መቅደስ ሰዎች በየመንደሩ እየዞሩ ክታብ ሲያድሉ ቀን መቁጠሪያውንም አብረው ያድላሉ። በሰሜን ምሥራቅ በናንቡ ግዛት ደግሞ ፊደል ላልቆጠሩ ገበሬዎች ሁሉ ነገር በሥዕል ብቻ የተነገረበት ቀን መቁጠሪያ ይታተም ነበር። በከተማው ሰው ዘንድ ትልቁ ጥያቄ ዘንድሮ 30 ቀን ያላቸው ወራት የትኞቹ ናቸው የሚለው ነበር፤ ብድር የሚከፈለው በወሩ መጨረሻ ነውና። ያለ ፈቃድ ቀን መቁጠሪያ ማተም ክልክል ስለነበር፣ ሠዓሊዎች የወራቱን ቁጥር በሥዕል ውስጥ ሸሽገው ለወዳጅ ያበረክቱ ጀመር። በ1765 የኢዶ ባለጠጎች በዚህ ሥዕል ተፎካከሩ። ሱዙኪ ሃሩኖቡ ዶፍ ሲወርድ የተሰጣ ልብስ ለማንሣት የምትሮጥ ሴት ሣለ፤ ልብሱ ላይ ያሉት ጌጦች ሲነበቡ የዚያ ዓመት ረጃጅም ወራት ናቸው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 6፣ 8 እና 10። ገንዘብ ስላልተቆጠበ አታሚዎቹ ብዙ ቀለም በአንድ ወረቀት ላይ ማተምን ተካኑ። ዓለም የሚያደንቀው ባለ ሙሉ ቀለም የጃፓን የእንጨት ሕትመት የተወለደው ከዚህ የወራት ጨዋታ ነው።

የጆክዮ ተተኪ ሆኖ በ1755 የወጣው ስሌት ከዕውቀት ይልቅ የኪዮቶ ሹማምንት ሥልጣን የነበረበት ነው፤ በ1763 የደረሰውን ግርዶሽ ሳተው። በክፍለ አገር የሚኖር አሳዳ ጎርዩ የተባለ ሐኪም ግን አስቀድሞ አውቆት ነበር። የእርሱ ደቀ መዝሙር ታካሃሺ ዮሺቶኪ የምዕራቡን ሥነ ፈለክ ጨምሮ በ1798 የተሻለውን አወጣ። ስሌቱ እንዲጠራ የምድር መጠን በትክክል መታወቅ ነበረበት። ይህን የተሸከመው በ50 ዓመቱ ከንግድ ወጥቶ በ19 ዓመት የሚያንሰውን ታካሃሺን መምህሬ ያለው ኢኖ ታዳታካ ነው። ከ1800 ጀምሮ የጃፓንን ዳርቻ በእግሩ ለካ፤ አንዱን የኬክሮስ ዲግሪ 110.75 ኪሎ ሜትር ያህል አድርጎ አገኘው። የታካሃሺ ታላቁ ልጅ ካጌያሱ ከዚህ ልኬት የተሠራውን ካርታ ሲቦልት ለተባለ ባዕድ ሐኪም ሰጥተሃል ተብሎ በ1829 በእስር ሞተ። ታናሹ ካጌሱኬ የሺቡካዋ ቤት ወራሽ ሆኖ በ1844 ቴንፖ የተባለውን ስሌት አወጣ። በጨረቃና በፀሐይ ከተሠሩት የጃፓን ስሌቶች ሁሉ የጠራው ይህ ነው፤ የመጨረሻውም ይህ ነው።

ቴንፖ 30 ዓመት አልሞላም። በ1872 በ11ኛው ወር 9ኛ ቀን ሾጉኑን የተካው የሜይጂ መንግሥት ድንገት አዋጅ አወጣ፦ የመጪው ወር 3ኛ ቀን የአዲሱ ዓመት ጥር 1 ይሆናል። ከአዋጁ እስከ ለውጡ የነበረው ጊዜ 23 ቀን ብቻ ነው። ለምን ይህን ያህል ተቻኮለ? ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ኦኩማ ሺጌኖቡ በትዝታው ገልጦ ተናግሯል። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በወር ሆኗል፤ የሚመጣው ዓመት ደግሞ ጭማሪ ወር አለበትና 13 ደመወዝ ይጠይቃል። ካዝናው ባዶ ነው። አዲሱ አቆጣጠር ጭማሪውን ወር ያስቀራል፤ 12ኛው ወርም ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ ደመወዝ የለውም። የሁለት ወር ደመወዝ በአንድ ብዕር ተረፈ። እርግጥ ከምዕራባውያን ጋር እኩል የመቆም ፍላጎትም ነበረ፤ ጥድፊያው ግን የገንዘብ ነው።

አዋጁ በአሮጌው ቀን መቁጠሪያ ላይ የሚጻፈውን ገድ ሁሉ የሕዝብን ዕውቀት የሚያደናቅፍ ከንቱ ነገር ብሎ ከለከለ። አታሚዎች የ1873ን ቀን መቁጠሪያ አትመው ጨርሰው ስለነበር ያ ሁሉ ወረቀት ከሰረ። ደራሲው ፉኩዛዋ ዩኪቺ ታሞ ተኝቶ ሳለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አዲሱን አቆጣጠር የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ፤ ከ100,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ። ገጠሩ ግን አልተረጋጋም። በ1873 በልዩ ልዩ ስፍራ ከተነሡት የገበሬዎች ዐመፆች በአንዳንዶቹ አሮጌው አቆጣጠር ይመለስልን የሚል ጥያቄ ነበረበት። ችኮላው ሌላም ጉድለት ተወ፦ አዋጁ እንደ 1900 ያሉ የምዕተ ዓመት መዝጊያ ዓመታት የካቲታቸው 29ኛ ቀን እንደሌለው ሳይናገር ቀርቶ በ1898 ሌላ አዋጅ አስፈለገው።

የከፋ ጉዳት የደረሰው በበዓላቱ ላይ ይመስለኛል። ታናባታ ሁለት ፍቅረኛ ከዋክብት በዓመት አንዴ የሚገናኙበት የ7ኛው ወር 7ኛ ሌሊት ነው። በአሮጌው አቆጣጠር ዝናቡ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት ጊዜ ነበር፤ በአዲሱ ሐምሌ 7 ላይ ሲውል የክረምቱ ዝናብ ያልወጣበት ነውና ኮከብ አይታይም። በዚህ ምክንያት የሴንዳይ ሰዎች በነሐሴ ያከብሩታል፤ የሙታን መታሰቢያ የሆነው ኦቦንም በአብዛኛው አገር በነሐሴ አጋማሽ ይውላል። የአገሪቱ ብሔራዊ የሥነ ፈለክ ተቋምም ከ2001 ጀምሮ የጥንቱ ታናባታ የሚውልበትን ቀን በየዓመቱ ያሳውቃል። በኢዙሞ ታላቅ መቅደስ ደግሞ የአገሩ አማልክት ሁሉ የሚሰበሰቡበት በዓል እስከ ዛሬ በጨረቃው 10ኛ ወር ይከበራል።

መንግሥት በ1883 ሕጋዊውን ቀን መቁጠሪያ የማሳተም መብት ለኢሴ መቅደስ ሰጠ፤ ከ1910 ጀምሮ የጨረቃው ቀን ከዚያ ጭራሽ ወጣ። የተከለከለው ግን በየገበያው በስውር ይሸጥ ነበር። አሳታሚው በሐሰት ስምና አድራሻ እያወጣ ፖሊስ ሲፈልገው ስለማይገኝ ሕዝቡ የመናፍስት ቀን መቁጠሪያ አለው። በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ሮኩዮ የተባለው በየስድስት ቀኑ የሚዞር የገድ ቀን ስም ገነነ። ድሮ ብዙም የማይታወቅ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሲከለከል እርሱ ቦታውን ያዘ። ከ1945 በኋላ ማተም ነፃ ሲሆን በይፋ ወጣ። ዛሬም ታይአን በሚባለው መልካም ቀን የሠርግ አዳራሾች ይሞላሉ፤ ቶሞቢኪ በሚባለው ቀን ደግሞ ሟቹ ወዳጁን ይስባል ተብሎ ቀብር አይደረግም።

ክልከላ ያልቻለውን ነገር በግልጽ ያሳየው 1966 ነው። በ60ው ዙር ያ ዓመት የእሳት ፈረስ ነው፤ በዚያ የምትወለድ ሴት ባሏን ትቀብራለች የሚል አሮጌ እምነት አለ። ፍቅረኛዋን ለማግኘት እሳት ለኩሳ በ1683 በኢዶ የተቃጠለችው ኦሺቺም የእሳት ፈረስ ልጅ ነበረች ይባላል። በ1965 የተወለዱት ሕፃናት 1,823,697 ሲሆኑ በ1966 ቁጥሩ ወደ 1,360,974 ወረደ፤ በ1967 ወደ 1,935,647 ተመለሰ። ጃፓን ፈጣን ባቡርና ኦሊምፒክ ያየች የኢንዱስትሪ አገር ሆና ሳለ፣ ወላጆች ሴት ልጃቸው ስታድግ ባል እንዳታጣ ፈርተው መውለዱን አቆዩት። ከ1966 ቀጥሎ ያለው የእሳት ፈረስ ዓመት 2026 ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፈተና የስሌት ነው። በቴንፖ ሕግ የመጸው እኩሌታ በ8ኛው ወር፣ የዓመቱ አጭሩ ቀንም በ11ኛው ወር መዋል አለባቸው። በ2033 ግን በሁለቱ መካከል መኖር ያለባቸው ሁለት ወራት አንድ ብቻ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ጭማሪው ወር የት እንደሚገባ ሕጉ አይመልስም። ስሌቱ ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። አሮጌው አቆጣጠር ከ1873 ወዲህ በሕግ የለም፤ ስለዚህ እንደ ጥንቱ የሚወስን ንጉሠ ነገሥትም ሾጉንም የለውም፣ የሥነ ፈለክ ተቋሙም ሥራው አይደለም። በ2015 አንድ የካላንደር ባህል ማኅበር ከ11ኛው ወር በኋላ ይግባ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ የሚያስገድደው ግን ማንም የለም። የሮኩዮ ቀናት የሚቆጠሩት በጨረቃው ወር ስለሆነ፣ የ2033 መጨረሻ የሠርግ ቀኖች የትኞቹ እንደሆኑ ማተሚያ ቤቶቹ ራሳቸው መምረጥ አለባቸው።